650 ቃላት፦ ከድሬዳዋ ወይም ከሐረር ሆኖ ለአሜሪካ ኮሌጅ ኢሴይ መጻፍ

ለአሜሪካ ኮሌጅ አፕላይ ስታደርጉ ከምትልኩት ፋይል አብዛኛው ከእጃችሁ ወጥቷል። ትራንስክሪፕቱን ትምህርት ቤቱ ይልካል፣ ሪኮመንደሽኑን መምህሩ ይጽፋል፣ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ውጤት አንዴ አልፏል። እስከ መጨረሻዋ ቀን ልታሻሽሉት የምትችሉት ኢሴዩን፣ ማለትም ስለ ራሳችሁ የምትጽፉትን አጭር ድርሰት ነው። ከኢትዮጵያ የሚያመለክት ተማሪ ብዙ ጊዜ ሙሉ ወይም ወደ ሙሉ የተጠጋ የገንዘብ ድጋፍ ስለሚፈልግ በሩ ጠባብ ነው። ውጤታቸው የተቀራረበ ልጆች ጎን ለጎን ሲታዩ ደግሞ ይህች አንድ ገጽ ትልቅ ሚዛን ትደፋለች።

ችግሩ ትምህርት ቤት ያስለመደን ድርሰት ሌላ መሆኑ ነው። እዚያ ርዕሱ ይተነተናል፣ ጥቅምና ጉዳቱ ይዘረዘራል፣ በምክር ይዘጋል፤ ጸሐፊው ራሱ የትም አይታይም። ኮሌጁ የሚፈልገው ግን ጸሐፊውን ነው። ምን ያስተውላል? ሲቸግረው ምን ያደርጋል? ሐሳቡን የሚቀይረው ምን ሲያይ ነው? በዚያ ላይ ስለ ራስ ማውራት እኛ ዘንድ ጉራ ይመስላልና እጅ ይያዛል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የሠራችሁትን ተናገሩ፣ ውዳሴውን ተዉት። «ታታሪ ነኝ» ማለት ጉራ ነው፤ «ማታ ማታ የሱቁን ሒሳብ የምዘጋው እኔ ነኝ» ማለት ግን መረጃ ነው።

ቅጹ የሚጠይቀው

ብዙዎቹ ኮሌጆች ማመልከቻ የሚቀበሉት ኮመን አፕ በሚባለው ድረ ገጽ በኩል ነው። ኢሴዩ ከ250 ቃል አያንስም፣ ከ650 አይበልጥም። ጥያቄዎቹ 7 ናቸው፤ የምትመልሱት አንዱን ብቻ ነው። ስለ ማንነታችሁ ወይም ስለ ተሰጥኦአችሁ፣ ስለ ገጠማችሁ እንቅፋት፣ ስለ ተጠራጠራችሁት እምነት ወይም ሐሳብ፣ ሰው ስላደረገላችሁ መልካም ነገር፣ ስላበሰላችሁ ክስተት፣ ጊዜ ስለሚያስረሳችሁ ጉዳይ ይጠይቃሉ፤ ሰባተኛው ርዕሱን ለእናንተ ይተወዋል። ሰባተኛው ነፃ ከሆነ ዘንድ ከጥያቄው መጀመር ምን ያደርጋል? ጉዳያችሁን አግኝታችሁ ጻፉና የትኛው ሥር እንደሚገባ በኋላ እዩ። የትኛውንም ብትመርጡ ልዩነት የለውም።

ያው ጽሑፍ እስከ 20 ለሚደርሱ ኮሌጆች ስለሚሄድ በውስጡ የአንድ ኮሌጅ ስም አይጠቀስ። በዚህ መንገድ የማይሄዱም አሉ። ኤምአይቲ የራሱ ማመልከቻ አለው፤ አንድ ረጅም ኢሴይ ሳይሆን አጫጭር መልሶችን ይጠይቃል። የመንግሥቱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩሲ) ካምፓሶች ከ8 ጥያቄ 4 አስመርጠው ለእያንዳንዱ እስከ 350 ቃል ይሰጣሉ። ለእንግሊዝ አገር ግን ይህ መመሪያ ብዙም አይረዳም፤ እዚያ በሦስት ጥያቄ ተከፋፍሎ በ4,000 ፊደል የሚጻፈው በዋናነት ልትማሩት ስለመረጣችሁት የትምህርት ዘርፍ ነው።

ቀኑና ሰዓቱ

ኮመን አፕ አዲሱን ዙር የሚከፍተው ኦገስት 1፣ ማለትም ሐምሌ 25 ነው። ቀደም ብለው ለሚያመለክቱ የተለመደው ዴድላይን ኖቬምበር 1 ሲሆን ይህ ጥቅምት 22 ነው። የመደበኛው ዙር ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 1 (ታኅሣሥ 23) አካባቢ ይዘጋል። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት በእኛ አቆጣጠር አንድ ቀን ወደ ኋላ ይመጣል፤ ለምሳሌ በ2020 ዓ.ም. ኖቬምበር 1 ጥቅምት 21 ነው። ሰዓቱ ደግሞ እናንተ ባላችሁበት አገር 11፡59 ፒኤም ነው፤ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 5፡59 ማለት ነው። ይህን «ጧት 12 ሰዓት ሊሆን ሲል» ብሎ የተረዳ ልጅ ሲነቃ በሩ ከተዘጋ ስድስት ሰዓት ሆኖታል።

ስለዚህ ክረምቱን ተጠቀሙበት። ሐምሌን ለመሰብሰብ፣ ነሐሴን ለመጀመሪያው ረቂቅ፣ ከመስከረም እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለውን ለማረምና ለማስነበብ መድቡ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር የ12ኛ ክፍል ጥናት ጊዜያችሁን ይወስደዋል፤ ክረምት ላይ ረቂቅ ያልያዘ ተማሪ ጥቅምት 20 ላይ በአንድ ሌሊት ሲጽፍ ይገኛል። ያ ጽሑፍ ደግሞ መጀመሪያ ወደ አእምሮ የመጣ ጽሑፍ ነው፤ መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው የሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው።

ጥሬ ዕቃ መሰብሰብ

አንድ ደብተር ያዙና ለሁለት ሳምንት በየማታው አሥር ደቂቃ ቁጭ በሉ። ግባችሁ 30 መስመር ነው። እያንዳንዷ መስመር አንድ ሰው፣ አንድ ዕቃና አንድ ድርጊት ይኑራት። «ቤተሰቤን እወዳለሁ» መስመር አይደለም። «አያቴ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ኦሮምኛዋን ለዶክተሩ በአማርኛ የማስረዳው እኔ ነኝ፤ አንዳንዴ የምትለውን አለሳልሼ ነው የምነግረው» መስመር ነው። የመጨረሻዋን ሐረግ እዩአት። ኢሴይ የሚወጣው ከእንደዚህች ዓይነት ሐረግ ነው፤ ልጅቷ በትርጉም መሃል ውሳኔ ትወስናለች ማለት ነውና።

ደብተሩ ባዶ ሲሆንባችሁ እነዚህን ራሳችሁን ጠይቁ። ሰፈር ውስጥ ሰው እናንተን ፈልጎ የሚመጣው ለምን ጉዳይ ነው? ሳትታዘዙ የምትሠሩት ምንድን ነው? ቤት ውስጥ ማንም ሳያያችሁ የቀየራችሁት ደንብ አለ? በዚህ ዓመት ከማን ጋር፣ በምን ተከራከራችሁ? ማሸነፋችሁን ካወቃችሁ በኋላ የተጠራጠራችሁት ክርክርስ? ስልካችሁ ላይ ሌሊት የምትፈልጉት ምንድን ነው? ደጋግማችሁ አበላሽታችሁ አሁንም ያልተዋችሁት ነገር?

ከተሞቻችሁ ለዚህ የተመቹ ናቸው፤ ግን ጠጋ ብሎ ለሚያይ። ሐረር መኪና ግርግር ላይ የሲንጀር ስፌት መኪና ተደርድሮ የሚሰፋበት መንገድ አለ፤ እዚያ አጎቷ ጋ ክረምቱን የምትውል ልጅ ልኬት ሳይወሰድ ቀሚስ እንዴት በዓይን እንደሚቆረጥ ታውቃለች። ጁገል ውስጥ ውኃ ተራ ሲጠበቅ ጄሪካን ሰልፍ ይይዛል፣ ሰው ግን አይሰለፍም፤ ማን ማንን እንደሚያስቀድም ያልተጻፈ ሕግ አለ። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ላይ አንድ ሻጭ ከአንድ ደንበኛ ጋር ዋጋ ሲከራከር በሦስት ቋንቋ ይቀያይራል። እነዚህን ማየት ብቻ ኢሴይ አይሆንም። እናንተ እዚያ ምን ታደርጋላችሁ? መልስ ካላችሁ መስመር አገኛችሁ።

ከ30ው አንዱን መምረጥ

ለእያንዳንዷ መስመር ሦስት ጥያቄ። ስሜ ቢሸፈን የክፍሌ ልጅ ሌላው ሊጽፈው ይችላል? የሚችል ከሆነ ትወድቃለች። በታሪኩ ውስጥ የምወስነው፣ የምሞክረው፣ የምሳሳተው እኔ ነኝ ወይስ ሌላ ሰው? ሌላ ሰው ከሆነ ኮሌጁ እሱን ነው የሚቀበለው። መጨረሻው ላይ ከመጀመሪያው የተለየ ነገር አስባለሁ? ይህን ሦስተኛውን የሚያልፉት ጥቂት ናቸው፤ ሁለት ወይም ሦስት ከቀሩላችሁ በቂ ነው።

አሁን ከእነዚህ ከተሞች ሲጻፍ ስለሚያስቸግሩ ርዕሶች በግልጽ እንነጋገር።

የሐረር ጅብ። ጅብ ሲመገብ ማየት ለቱሪስት ድንቅ ነው፤ ለአንባቢው ግን ያልተነገረ ነገር የለውም። ጁገል በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መመዝገቡንም ጎግል ይነግረዋል። ስለ ጅብ መጻፍ የሚቻለው ከጅቡ ጋር የራሳችሁ ጉዳይ ካላችሁ ነው። ለምሳሌ ከጁገል በር አጠገብ ቤታችሁ ሆኖ በየትኛው ወር ስንት እንደሚያልፉ ቆጥራችሁ የመዘገባችሁ ከሆነ፣ ያኔ ጽሑፉ ስለ ቆጠራው ነው። ድሬዳዋም ባቡሩ አለባት፤ ለገሃር፣ ፈረንሳዮቹ፣ 1902 እ.ኤ.አ.። የከተማዋ ታሪክ ነው፣ የእናንተ ግን አይደለም።

በ1998 ዓ.ም. ድሬዳዋን የመታው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሌላው ነው። ዛሬ የሚያመለክት ተማሪ ያኔ አልተወለደም፣ ስለዚህ እንዳየ ሰው ሊጽፈው አይችልም። ግን እናቱ እስከ ዛሬ ደጋው በኩል ደመና ሲጠቁር ሌሊት ተነስታ በሩን ታይ እንደሆነ፣ ያንን እሱ አይቷል። ሊጽፈውም ይችላል።

ድህነትና ችግር። እውነት ከሆነ አይደበቅም፤ ግን ከ650 ቃል ከ120 በላይ አይውሰድ። የቀረው እናንተ ያደረጋችሁት ይሁን። እዝነት የሚለምን ጽሑፍ አንባቢውን ያሳዝነዋል፣ ስለ እናንተ ግን ምንም አይነግረውም። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከነበረ፣ ኢንተርኔት ተቋርጦ ፈተና ካመለጣችሁ፣ ቤተሰብ ታሞ ውጤት ከወረደ ለዚህ በኮመን አፕ ውስጥ ለብቻው የተዘጋጀ የ250 ቃል ቦታ አለ። እዚያ በደረቁ፣ ቀንና ምክንያት ብቻ ጻፉ። ኢሴዩን ነፃ ያወጣላችኋል።

ጫት ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አወዳይ አጠገብ ላደገ ልጅ የቤተሰብ መተዳደሪያ ነው፤ በአሜሪካ ግን በውስጡ ያለው ካቲኖን የተከለከለ ዕፅ ነው። ቤተሰባችሁ የሚነግደው ከሆነና ታሪኩ ያለ እሱ የማይቆም ከሆነ፣ በኢትዮጵያ ሕጋዊ ሰብል መሆኑን በግማሽ ዓረፍተ ነገር አስገቡና እለፉ። ከጅቡቲ በኩል ያለ ቀረጥ የገባ ዕቃ ያለበትን ታሪክ ግን ተዉት፤ ሌላ መስመር ምረጡ።

መጻፍ

መጀመሪያ እስክሪብቶ አታንሡ። ስልኩን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጋችሁ ታሪኩን ለጓደኛ እንደምታወሩ አውሩት፣ አምስት ደቂቃ ይበቃል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በሐረሪ ወይም እንደ ድሬ ልጅ ሁሉንም ደባልቃችሁ፤ ግድ የለም። ከዚያ ሁለት ጊዜ ስሙትና ሞቅ ያላችሁበትን፣ የሳቃችሁበትን፣ የፈጠናችሁበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ስልኩን አስቀምጣችሁ በእንግሊዝኛ ከባዶ ጻፉ። የተቀዳውን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር አትተርጉሙ፤ እንደዚያ የተጻፈ እንግሊዝኛ ግሡን ፍለጋ እስከ መጨረሻ ድረስ ያስኬዳል።

ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ እንየው። ምሳሌው የፈጠርነው ነው፤ እዚህ በአማርኛ ብናስቀምጠውም እናንተ የምትጽፉት በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ አባቱ ሱቅ ያለው ልጅ ነው እንበል። የተለመደው አጀማመር ይህ ነው፦

«ኢትዮጵያ የ3,000 ዓመት ታሪክ ያላት የቡና መገኛ አገር ናት። እኔም የበረሃ ንግሥት በምትባለው በድሬዳዋ ከአንድ ደሃ ቤተሰብ ተወለድኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ታታሪና ዓላማ ያለኝ ልጅ ነበርኩ።»

ሦስት ዓረፍተ ነገር አልቋል፤ ልጁ ገና አልመጣም። ሌላው ደግሞ ይኸውላችሁ፦

«በአባቴ የዱቤ ደብተር ውስጥ ማንም በስሙ አልተጻፈም። ባለ ሰማያዊ በር 340 ብር አለባት። የነርሷ ጎረቤት ስኳር ከወሰደች ሦስት ሳምንት አልፏታል። ከመስጊዱ ጀርባ የሚኖሩት ሽማግሌ ባለፈው ዓመት አርፈዋል፤ ገጻቸው ግን አልተቀደደም። ማታ ማታ የምደምረው እኔ ነኝ።»

ልጁ ስለ ራሱ አንድም ቅጽል አልተጠቀመም። ግን ሱቅ እንዳላቸው፣ ሒሳብ እንደሚታመንበት፣ ሰፈሩን እንደሚያውቅ፣ ያልተቀደደችውን ገጽ እንደሚያስተውል ገብቶናል። ከዚህ በኋላ ምን ይመጣል? ልጁ ደብተሩን ወደ ስልኩ ኤክሴል አዛወረው እንበል፤ ድምሩ በአንድ ጊዜ ይወጣል፣ ስሕተት የለም። ደንበኞች ግን ማጉረምረም ጀመሩ። ለምን? ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ሲከፈት የራሳቸውን ገጽ ያዩ ነበር፣ አባትየው ሲጽፍ ዓይናቸው ያየዋል። ስልኩ ግን ወደ ልጁ ነው የዞረው። ልጁ መዝገብ የሻጩ ብቻ ንብረት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባው። ደብተሩን መልሶ አንድ ዓምድ ጨመረበት፤ ደንበኛው ራሱ የሚፈርምበት።

ሲጻፍ የቃላቱ ክፍፍል በግምት ይህን ይመስላል። ለመክፈቻው 80፣ ሱቁንና የልጁን ድርሻ ለማስረዳት 100፣ ለሙከራውና ለመበላሸቱ 180፣ ምን እንዳሰበና ምን እንደቀየረ 170፣ ለመዝጊያው 80። ድምሩ 610 ነው፤ 40 ቃል በእጃችሁ ይቀራል። የመጀመሪያው ረቂቅ 900 ቢደርስ አትደንግጡ፤ ከ1,000 ካለፈ ግን ሁለት ታሪክ ይዛችኋልና አንዱን አውጡ። ብዙዎች የሚሰናከሉት በአራተኛው ክፍል ላይ ነው። ድርጊቱን ተርከው ተርከው «ከዚህ ብዙ ትምህርት ቀሰምኩ» ብለው ይዘጉታል። ምን ትምህርት? አንባቢው የሚጠብቀው ያንን ነውና ሲሶው የጽሑፉ ክፍል ቢሆን አይበዛም።

መዝጊያው «ተምሬ አገሬን አገለግላለሁ» አይሁን። ቅንነቱን ማንም አይጠራጠርም፤ ግን የሚያመለክተው ሁሉ ስለሚለው ከእናንተ ላይ የሚያስቀረው ነገር የለም። የዱቤው ልጅ ቢሆን አሁን በራሱ ላይ ያለውን ጥያቄ ማስቀመጥ ይችላል፦ ሁለቱም ወገን እኩል የሚያየው መዝገብ ስልክ ላይ እንዴት ይሠራል? ይህ ጥያቄ ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ ይወስዳል፣ ወደ ኢኮኖሚክስም ይወስዳል፤ ልጁ ግን ሁለቱንም አልጠራም።

ከእኛ አገር በሚጻፉ ጽሑፎች ላይ ደጋግሞ የሚታይ፣ አራሚም ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው ስሕተት አለ። ቀንና ሰዓት። «በ2016 ሱቁን መሥራት ጀመርኩ» ብላችሁ በእኛ አቆጣጠር ብትጽፉ አንባቢው ያኔ የስምንት ዓመት ሕፃን እንደነበራችሁ ያስባል። ዓመቱን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር አዙሩ፤ ወይም ይሻላል «15 ዓመቴ ሳለ» በሉ። «በ12 ሰዓት ሱቅ እከፍታለሁ» ያለ ልጅም ለእነሱ እኩለ ቀን ላይ የሚነሣ ሰነፍ ነው፤ 6 ኤኤም ብላችሁ ጻፉ። ብርን ወደ ዶላር መቀየር አያስፈልግም፤ ምን እንደሚገዛ ንገሩት። የአገር ቤት ቃል ሦስት ወይም አራት ቢገባ መልካም ነው፣ ከዚያ በላይ ያደክማል። ትርጉሙን በቅንፍ አታስገቡ፤ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ያስረዳ። «ባጃጁ ውስጥ ሦስታችን ከኋላ ተጣበን» ካላችሁ ባጃጅ ምን እንደሆነ ገብቶታል።

ማረም

ረቂቁን ለአንድ ሳምንት ዝጉት። ስትመለሱ የመጀመሪያውን አንቀጽ በእጃችሁ ሸፍናችሁ ከሁለተኛው አንብቡ። ካልጎደለ የመጀመሪያው ይውጣ፤ ከግማሽ በላይ በሆነ ጊዜ የሚያስፈልግ ሆኖ አይገኝም። ቀጥሎ ግሦቹን አስምሩባቸው። «ነበር»፣ «ተደረገ»፣ «ተሰማኝ» የበዛበት ቦታ ማን ምን እንዳደረገ አይታይም። «ሁሌም»፣ «በጣም»፣ «ከልቤ» የሚሉትን ሰርዙ። ለክብደት ብላችሁ የጨመራችኋቸውን የመዝገበ ቃላት ቃሎችም እንደዚሁ፤ ፕሌቶራና ሚሪያድ (ሁለቱም «እጅግ ብዙ» ማለት ናቸው) የ17 ዓመት ልጅ አያወራባቸውም። ምሳሌያዊ አነጋገር በመክፈቻ ላይ ካለ አውጡት፣ የእኛም ሆነ የእነሱ።

ከዚያ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ትንፋሽ ያጠራችሁ ዓረፍተ ነገር ለሁለት ይከፈል። አፋችሁን የያዘው ቃል ይቀየር። ይህን ሦስት ጊዜ፣ በተለያየ ቀን። ድሬዳዋ ላላችሁ ሥራው በጧቱ ይለቅ፤ ከቀትር በኋላ በዚያ ሙቀት የታረመ ጽሑፍ ማታ እንደገና ይታረማል።

ኤአይ የጻፈውን የራስ አድርጎ ማቅረብ በኮመን አፕ ደንብ እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል። ደንቡ ባይኖር እንኳ የሚያወጣው ጽሑፍ የልስልስነቱ ነገር አንድ ዓይነት ነው፤ ያልተቀደደችዋን ገጽ አያውቃትም። ገንዘብ ተቀብለው እንጽፍላችሁ የሚሉም አሉ። እነሱ ያንኑ ጽሑፍ ለስንት ልጅ እንደሸጡት አታውቁም።

ማን ያንብበው

ሦስት ሰው፣ ከዚያ አይበልጥ። አምስት ሰው ያረመው ኢሴይ የማንም አይደለም።

አንዱ በደንብ የሚያውቃችሁ ይሁን፤ ወንድም፣ እኅት፣ የልብ ጓደኛ። ጥያቄው አንድ ነው፦ ይህ እኔን ይመስላል? ሁለተኛው እንግሊዝኛ የሚችል መምህር ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ደግ መምህራን ጽሑፉን ሲያርሙ ወደሚያውቁት የትምህርት ቤት ድርሰት ይመልሱታል፤ መግቢያ ይጨምራሉ፣ መደምደሚያ ላይ ምክር ያስገባሉ፣ «አባቴ» የሚለውን «የተከበሩ ወላጅ አባቴ» ያደርጉታል። ስለዚህ ስትሰጧቸው «መምህር፣ አሠራሩ ኮሌጁ በሚፈልገው መንገድ ስለሆነ ሰዋስዉንና ስፔሊንጉን ብቻ ቢያዩልኝ» ብላችሁ ከመጀመሪያው ለዩት፤ ቅር አይላቸውም።

ሦስተኛው ድሬዳዋንም ሐረርንም የማያውቅ ሰው ነው። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ፣ ውጭ ያለ የአክስት ልጅ። አንዴ ካነበበ በኋላ ወረቀቱን አስቀምጦ ስለ እናንተ ሦስት ነገር ይንገራችሁ። የነገራችሁ ስለ አባታችሁ ወይም ስለ ከተማው ከሆነ ኢሴዩ ገና የእናንተ አልሆነም። «ታታሪ ነህ፣ ጎበዝ ነህ» ካለም አልሠራም። «ነገር ሲበላሽ ሰው ላይ አታላክክም፣ ለምን እንደተበላሸ ትፈልጋለህ» ካለ ጨርሳችኋል።

ለማስነበብ ፎቶ ኮፒ ቤት የምታትሙ ከሆነ መስመሩን አራርቃችሁ አትሙ፣ ለእርማት ቦታ ይኑር። ስትወጡ ፋይሉን ከማሽኑ ላይ አጥፉ፣ ኢሜይላችሁን ዝጉ። እዚያ የቀረ ኢሴይ በፍላሽ እየተዘዋወረ የሌላ ልጅ ማመልከቻ ውስጥ ከገባ ሁለታችሁንም ነው የሚያስጠረጥር።

ማስገባት

መብራትና ኔትወርክ ቃል አይገቡምና ጽሑፉን ድረ ገጹ ላይ አትጻፉ። ዎርድ ላይ ወይም ያለ ኢንተርኔት በሚሠራ ጎግል ዶክ ላይ ያዙት፤ አንድ ቅጂ በኢሜይል ለራሳችሁ ላኩ። ሳጥኑ ውስጥ ስትለጥፉ አንቀጾች ሊጣበቁ፣ የጥቅስ ምልክቶች ሊለወጡ ይችላሉ፤ አንድ በአንድ እዩ። የቃል ቆጠራው ከዎርድ ጋር በጥቂቱ ሊለያይ ስለሚችል 650ን አፋፍ ላይ አታድርሱት፤ 640 ላይ ቁሙ። ከዚያ ማመልከቻውን በፒዲኤፍ አስቀድሞ የሚያሳየውን ክፈቱና አንባቢው በሚያየው መልክ ከላይ እስከ ታች አንብቡ።

ከዴድላይኑ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ላኩ። ለአንድ ኮሌጅ ከላካችሁ በኋላ ስሕተት ብታገኙ ለዚያኛው አይመለስም፤ ገና ላልላካችሁባቸው ግን ኢሴዩን ማስተካከል ይቻላል። ስለዚህ በጣም የምትፈልጉትን ኮሌጅ መጀመሪያ አትላኩ፤ ዴድላይኑ የሚፈቅድ ከሆነ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ አድርጉት።

ብዙ ኮሌጆች ከዚህ ሌላ የራሳቸው አጭር ጥያቄ አላቸው፤ በብዛት የሚገጥማችሁ «ለምን እኛን?» የሚለው ነው። እዚያ ስለ ዝናቸው አትጻፉላቸው፣ ያውቁታል። የትምህርት ክፍሉን ገጽ ከፍታችሁ አንድ ኮርስ፣ አንድ ላቦራቶሪ ወይም አንድ የተማሪ ክበብ አግኙና በኢሴያችሁ ውስጥ ከተነሣው ጥያቄ ጋር አገናኙት። የአንዱን መልስ ለሌላው ስትገለብጡ የኮሌጁን ስም መቀየር እንዳትረሱ፤ ከመላካችሁ በፊት የቀድሞውን ስም በፍለጋ ቁልፉ ፈልጉት፣ ዜሮ ውጤት እስኪሰጣችሁ ድረስ።